ደህና ነኝ ባዩ አራጋው

ውዱን ያንገበገባት የባሏ ሕመም ብቻ አልነበረም፤ ሕመምስ ከእግዚአብሔር ነው። አንጀቷን ያሳረረው ጨዋነቱ ነው።

አራጋው ሆዱ ውስጥ የበቀለው እጢ ሲያስጮኸው ያድራል። ጧት ግን ሐኪሙ ሙሉሃብት ከላሊበላ ዳገቱን ወጥቶ ሲመጣ የበቅሎዋን ኮቴ እንደሰማ፣ ጋቢውን መስቀለኛ አጣፍቶ መደቡ ላይ ጉብ ይላል። «እንደምን ሰነበትክ ልጄ? መንገዱ አልጎዳህም? ውዱ፣ ለእንግዳው አጎዛ አንጥፊለት እንጂ።» ስለ ሕመሙ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። በቃ፣ ሌላ ቃል አይወጣውም።

ጤና ጣቢያው ሥቃይ የሚያስታግስ መርፌ ነበረው። ጥቂት ስለሆነ ግን የሚሰጠው የመዳን ተስፋ ለሌለው በሽተኛ ብቻ ነው፤ ይህንንም ለይቶ የሚወስነው ሙሉሃብት ነው።

«እማማ ውዱ፣ አባባ አራጋው ይቀመጣሉ፣ ይጫወታሉ፣ እኔን እንኳ ያስቁኛል» አላት። «እንዴት ብዬ ነው አይተርፉም የምለው?»

«እኔ አብሬው የማድረው እየነገርኩህ? የገበሬ ማህበሩ ሊቀ መንበር እንኳ፣ ያ አራስ ከቤት አስወጥቶ የሚሰበስብ ሰውዬ፣ አራጋውን ከእንግዲህ ስብሰባ አትምጣ ብሎታል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋለህ?»

ሙሉሃብት ራሱን እየነቀነቀ በቅሎው ላይ ወጣ። ውዱ ንዴቷን ይዛ ወደ ባሏ ዞረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለእኔ ስታቃስት ታድራለህ፤ መድኃኒቱን ለያዘው ሲሆን ትቀልዳለህ። አመመኝ ብትል ምን ትሆናለህ?»

«እንግዳ ዳገት ወጥቶ ቤቴ ድረስ ሲመጣ አቃስቼ ልቀበለው?»

«ሐኪም ነው እንጂ ምን እንግዳ ነው!»

«ቤቴ የገባ ሁሉ እንግዳዬ ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። እንዲህ ያለውን ሰው እስቲ ምን ያደርጉታል?

በሚቀጥለው ጊዜ ውዱ አልተታለለችም። ከማሳው ጫፍ ወርዳ ሐኪሙን ጠበቀችውና በቅሎዋን እዚያው አሰረቻት። «ዛሬ እንግዳ አትሆንም» አለችው። ክንዱን ይዛ በጓሮ አዞረችው፤ ከቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ከገብስ ጭዱ ክምር አጠገብ አስቀምጣ «ዝም ብለህ ስማ» አለችው።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ቆይቶ አራጋው ብቻውን መሆኑን ሲያምን ጀመረው። ያ አገር የሚያከብረው ሽማግሌ እንደ ሕፃን «እናቴ፣ እናቴ» እያለ ያቃስት ነበር። ሙሉሃብት ፊቱ ተለዋወጠ፤ እጁ ላይ የያዘውን ጭድ ሲሰባብር ቆየ።

«አላልኩህም?» አለች ውዱ፣ ሙግት እንደረታ ሰው ቀና ብላ።

«ልክ ነበሩ እማማ። አይተርፉም። መርፌውን ከዛሬ ጀምሮ እየመጣሁ እሰጣቸዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። ያን ሁሉ ሰሞን የተሟገተችው ባሌ ይሞታል ብላ ነው፤ ረታችም። ጭዱ ላይ ዘጭ አለች።

«አንተስ ምናለ ዛሬም ይድናሉ ብለህ ብትከራከረኝ» አለችው፣ በንዴት።

ሐኪሙ መርፌውን ይዞ ተነሳ። ሲገባ አራጋው ጋቢውን እየጎተተ ሊነሳ ሲታገል አገኘው፤ ትከሻውን ይዞ አስተኛውና ወጋው። ጥቂት ቆይቶ የአራጋው ግንባር ተፈታ።

«አሁንስ እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ አራጋው። ይህን ጊዜስ እውነቱን ነበር። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

ውዱ ጋቢውን አለበሰችውና ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ሙሉሃብት ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ጠጋ አላት።

«እማማ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት?»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለችው። «ተቀመጥ እንጂ ልጄ፣ አጎዛ ላንጥፍልህ።»