ሁለት አጭር ክላክስ

ሳሊም በጎሚስታው ደጃፍ ባለፈ ቁጥር ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ ክላክስ ያሰማል። ሰላምታ መሆኑ ነው። ኡመይርም የሚለጥፈውን ጎማ ሳይለቅ አንድ እጁን ከፍ ያደርግለታል፤ ከልቡ ነው የሚያነሣው። ያ ክላክስ የራሱ የኡመይር ሞተር ክላክስ እንደነበረ መተማ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሞተሩን ወዶና ፈቅዶ ነው የሰጠው። እንዴት እንደሰጠው ለመናገር ግን የሱዳን ጦርነት ሳይነሣ ወደነበረው ኅዳር መመለስ ያስፈልጋል።

ያኔ የመተማ ሞተረኞች ድንበሩን ተሻግረው እስከ ገዳሪፍ ይዘልቁ ነበር። ቡና ጭነው ይሄዳሉ፣ የትራክተር መለዋወጫ ይዘው ይመለሳሉ። አስፋልቱ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ መሪ የጨበጠው ሰው ላይ ነው። ሱዳኖቹ ሰዋግ የሚሉት የሎሪ ሹፌር ሻይ ቤት ሲያገኙት ካልበላህ ካልጠጣህ የሚል ደግ ሰው ነው። ጋቢና ከገባ በኋላ ግን ሞተር ላይ የተቀመጠው ሰው ከዶሮ እኩል ነው። ከኋላ መጥቶ ገፍቶ ያልፋል፣ ከፊት መጥቶ መንገድህን ይቀማል። መንገዱ የትልቁ ነው፣ አለቀ።

ስለዚህ የመተማ ልጆች ለሰው አገር መንገድ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። ማንም ብቻውን አይወጣም፤ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሄዱት። የፊተኛው «ዓይን» ይባላል፣ የኋለኛው «ጆሮ»። ጉድጓዱን፣ ግመሉን፣ ከፊት የሚመጣውን ሁሉ የሚያይ ዓይን ነው። የኋላው የጆሮ ኃላፊነት ነው። ጆሮ በመስታወቱ የሚጋፋ ሎሪ ሲያይ ሁለቴ አጭር ክላክስ ያደርጋል፤ ዓይን ያን ሲሰማ ወደ ኋላ ሳይዞር ከአስፋልቱ ይወርዳል። አንገቱን ያዞረ ሰው ሞተሩንም አብሮ ያዞራልና ዞሮ ማየት ክልክል ነው። ከሎሪ ጋር እልህ መጋባትም የለም። «መንገዱን ስጠው፣ ዕድሜህን ውሰድ» ይባባላሉ።

ኡመይርና ሳሊም ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደዋል። ኡመይር ዓይን፣ ሳሊም ጆሮ። በዚያ ሁሉ ዘመን ኡመይር የሞተሩን መስታወት የተጠቀመበት ጢሙን ሊያይ ብቻ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሚስቱ ሳሚያ «ከእኔ ይልቅ ሳሊምን ታምናለህ» ስትለው «አንቺ ክላክስ የለሽማ» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በዚያ ኅዳር ዶካ የምትባለው ከተማ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው ሎሪው ከኋላ መጣ። ኡመይር የሚያስታውሰው የሞተሩን ድምፅና ከፊቱ የተዘረጋውን ባዶ አስፋልት ነው፤ ከዚያ በግራ በኩል አንድ ነገር መታውና ሰማዩን አየ። ሰዋጉ ፍሬን እንኳ ሳይነካ ሄደ። ኡመይር ሲነቃ ሐኪም ቤት ተኝቷል። ግራ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ጭኑ የሱዳን ሴቶች በሚከናነቡት ቶብ ቅዳጅ፣ በቢጫ ቶብ ታስሯል። ማን እንዳሰረው አያውቅም። ሳሊም አንድ ትከሻው ተጠቅልሎ ከአጠገቡ ተቀምጧል።

«አልሰማሁም» አለ ኡመይር። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይኸ ነው። «ወላሂ ሳሊም፣ ክላክስህን አልሰማሁም።»

ሳሊም አንሶላውን ወደ ላይ ሳበለት። በኋላ «አይዞህ፣ ያጋጥማል» አለው።

መተማ ሲገቡ ወሬው አድጎ ጠበቃቸው። ሳሊም ክላክሱን ይዞ እያጮኸ፣ ኡመይር አልሰማ እያለ፣ «ጓደኛየን ጥየ አልወርድም» ብሎ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት መንገዱ ላይ ቆይቶ፣ ቦይ ውስጥ ተከሰከሰ ተባለ። ሞተሩ ከጥቅም ውጭ ሆነ፣ ትከሻው ወለቀ። ይኸን መጀመሪያ ማን እንዳወራው አይታወቅም። ሳሊም ግን አላስተባበለም፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ኡመይር በክራንች መቆም እንደቻለ፣ በሽማግሌው በሐጂ አብዱልሀኪም ግቢ ሞተረኞቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ሳሊም እግር ላይ ወደቀ። በተሰበረ እግር መውደቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ባለመስማቴ ላስጨርስህ ነበር፣ አውፍ በለኝ» አለ። ሐጂ ዕንባቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ጠረጉ። ሳሊም ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ግንባሩን ሳመው፣ «አውፍ ብየሃለሁ» አለው። ኡመይርም መስታወቱ ብቻ ተሰብሮ የተረፈለትን የገዛ ሞተሩን ቁልፍ አውጥቶ ካሳ ይሁንህ ብሎ ሰጠው። ሳሊም ተቀበለ።

ከዚያ ወዲህ ኡመይር ሞተር ቢከራይም አብሮት የሚወጣ ጠፋ። የማይሰማን ሰው ማን ከፊቱ ያስቀድማል? በፊቱ አይናገሩትም፣ በሌለበት ግን «ደንቆሮው» ይሉታል። ጎንደር ድረስ ሄዶ ጆሮውን ተመረመረ። ሐኪሟ «ጆሮህ ከእኔ ጆሮ ይሻላል» አለችው፤ እሱ ግን ይብስ ተጨነቀ። ጆሮው ጤነኛ ከሆነ የታመመው ልቡ ነዋ። አዛን ሲሰማ «አዛን ነው?» ብሎ ሳሚያን ይጠይቃል። ሴት ልጁ ከጓሮ ስትጠራው እውነት መጥራቷን እስኪያረጋግጥ ቆም ይላል። እግሩ ከነማነከሱ ዳነ፤ በራሱ ላይ የነበረው እምነት አልዳነም። ጎሚስታ ቤት ገብቶ ጎማ መለጠፍ ጀመረ። እዚያም ቢሆን ከጎማው የሚያፏጨውን አየር በጆሮው ሰምቶ አያምንም፤ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን በዓይኑ ማየት አለበት።

ጦርነቱ ተነሥቶ ሰው ከወዲያ ማዶ መጉረፍ ሲጀምር፣ ዶካ መግቢያ አስፋልቱ ዳር ዐሥራ አንድ ዓመት ሻይ ስትሸጥ የኖረች ስርጉት የምትባል የጭልጋ ሴት አብራ ተመለሰች። ከጎሚስታው አጠገብ ከሣርና ከአጣና ራኩባዋን ቀልሳ ሻይዋን ማፍላት ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ኡመይር እያነከሰ ብርጭቆ ሲመልስላት እግሩን አየችው።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«ሎሪ ነው እትየ። ዶካ አጠገብ፣ ከድልድይዋ ወዲህ፣ አምና በኅዳር።»

ስርጉት ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «እግርህ በቢጫ ቶብ ታስሮ ነበር?»

ኡመይር ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ያን ቅዳጅ ሳሚያ አጥባ እስካሁን ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።

«አዲስ ቶብ ነበር» አለች ስርጉት። «በጥርሴ ነው የቀደድሁት። ተርፈሃላ! እኔማ ሞቷል ብየ አልቅሼልህ ነበር።»

እጇን ሊስም ጎንበስ አለ። እሷ ከላይ ወሬዋን ቀጠለች። «ያ ጓደኛህስ ደኅና ነው? ያን ቀን እንዴት እንደተቆጣሁት። ሎሪው እየበረረ ሲመጣ ዐየዋለሁ፤ እሱ አስቀድሞ ከመንገድ ወርዶ ማሽላው ዳር ቦይ ውስጥ ወደቀ፣ አንተ ብቻህን ቀረህ። ‹ምነው ክላክስ እንኳ ብታሰማለት!› ብለው፣ ‹ደነገጥሁ እማማ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ› ብሎ አለቀሰ። አንጀቴን በላው። ነፍስ ናት፣ ምን ያድርግ ብየ ተውሁት።»

ኡመይር በመጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው፤ ሳይሰማ ያለፈው ክላክስ አልነበረም፣ ጆሮውም ልቡም ጤነኛ ነበሩ። ደስታው አንድ ትንፋሽ አልቆየም። ሳሊም መደንገጡን ይቅር ሊለው ይችላል፤ ሎሪ ከኋላው የመጣበት ሰው ሁሉ ይደነግጣል። የሐጂ ግቢ ነው ያቃጠለው። ጉልበቱ አፈር ላይ፣ ግንባሩ ላይ የሳሊም ከንፈር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ፈረሱ ግን ከጣለ በኋላ ይቅርታ ጠይቀኝ አላለም።

በማግስቱ ጧት ሳሊም መጣ፤ ሁለቴ ክላክስ አደረገ። ኡመይር እጁን አላነሣም። ሳሊም ሞተሩን አቆመ።

«ምነው፣ አልሰማህም እንዴ?» አለው እየሳቀ።

«የዛሬውን ሰምቻለሁ። የዶካውን ግን ያልሰማሁት ስላልነበረ ነው» አለና ወደ ራኩባው ጠቆመው።

ሳሊም ስርጉትን አየ። አወቃት፣ ፊቱም አመድ መሰለ። ከሞተሩ ወርዶ ወደ ኡመይር ተጠጋ። «ልነግርህ ነበር። ወላሂ ልነግርህ ነበር። አንተ ቀድመህ ‹አልሰማሁም› አልኸኝ። በሩን አንተው ከፈትህልኝ።»

«ገባህ።»

«ገባሁ። ከገባሁ በኋላ መውጫው ጠፋኝ።»

«ጆሮየን ላስመረምር ጎንደር ስሄድ መናኸሪያ የሸኘኸኝ አንተ ነህ» አለ ኡመይር። «ዱዓ አደርግልሃለሁ ብለኸኝ ነበር።»

ሳሊም መሬት መሬት አየ። «አውፍ በለኝ» አለ፣ ሻይ የሚጠጡት እንዳይሰሙት ዝቅ አድርጎ።

«መጀመሪያ የጠየቅሁህን አውፍታ መልስልኝ። እግርህ ላይ የወደቅሁት በሰው ፊት ነው። ጁምዓ ሐጂ ግቢ መጥተህ፣ እነዚያው ሰዎች ባሉበት መልስልኝ። የቀረውን ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

«ሞተሩን ውሰድ። ዛሬውኑ ውሰድ» አለ ሳሊም። «ሰዉን ግን ተወው ኡመይር። ይኸን ከሰሙ ከእኔ ጋር ማን ይወጣል?»

«ከእኔ ጋርስ ማን ወጣ?»

ሳሊም ቁልፉን ሞተሩ ላይ እንደሰካው ትቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በአስፋልቱ ላይ በእግሩ ሄደ። በዚህ አካሄዱ ጁምዓ እንደማይመጣ ኡመይር ገባው። ሞተር መመለስ ቀሎታል፤ አንዲት ቃል መመለስ ከብዶታል።

እያነከሰ ወደ ሞተሩ ሄደ። ቁልፉን አዞረ። አውራ ጣቱ ያችን ቦታ አልረሳትም፤ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ ተጫናት።

ሳሊም ወደ ኋላ አልዞረም። አንገቱን ሳያዞር ከአስፋልቱ ወርዶ አቧራው ውስጥ ቆመ።

ስርጉት ከራኩባዋ ብቅ ብላ መንገዱን ግራና ቀኝ አየች። «መኪና መጣ እንዴ?»

«የለም እትየ» አለ ኡመይር። «እኔ ሳሊምን እንዲያ ነበር የማምነው።»

ሳሊም አሁንም ጠርዙ ላይ ቆሞ ሎሪው እስኪያልፍ ይጠብቃል።