የጋቲኖ ሰባት ቤት

ሽማግሌ ሆኖ የተላከ ሰው ነገሩ እሺ እስኪባል አይቀመጥም። ይህን ሥርዓት ያወጣው ሰው ጉልበቱን አሞት አያውቅም።

የእህቴ ልጅ ሮቤል የሚኖረው ካናዳ፣ ጋቲኖ የሚባል ወንዝ ዳር ነው። ሃይሚን ለትዳር እንድንጠይቅለት ለምኖን፣ እኔና ጓደኛዬ በሪሁን ሙሉ ልብስ ለብሰን እሷ ወደምትኖርበት የጀርመን ሰፈር፣ ኡንተርሊደርባህ ሄድን። ሦስተኛው ሽማግሌ ድንገት ሥራ ተጠርቶ ቀረ። በአባቷ በአቶ ሳህሌ ሳሎን መሃል ሁለት ሆነን ተገተርን።

አቶ ሳህሌ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከሃይሚ ጋር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አየር ማረፊያ ሻንጣ ሲጭኑ ሃያ ዓመት ሞላቸው፤ አገር ቤት ግን የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፣ አመሉም አልለቀቃቸውም። ሌላ አባት የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥራል። እሳቸው የወንዙን አስቆጠሩን።

«ከየት ይነሳል?»

«ሰሜን ካሉ ሐይቆች» አልኩ። ሮቤል በስካይፕ አስጠንቶኛል።

«ተፋሰሱስ?»

«ከሃያ ሦስት ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ» አለ በሪሁን፣ ራሱ የለካው ይመስል።

«መጨረሻው የት ነው?»

«ኦታዋ ወንዝ ውስጥ ይገባል።»

«ኦታዋስ?»

«ሴንት ሎውረንስ ውስጥ።»

አቶ ሳህሌ መነጽራቸውን አወለቁ። «የገባር ገባር ነዋ። አንድ ልጄን ራሱን ችሎ ባሕር ለማይደርስ ወንዝ ልስጥ?»

ወገቤን ሲቆርጠኝ ንዴቴም መጣ። ሰውየው የሚኖሩት ሁለት ድንጋይ ረግጠው በሚሻገሯት ጅረት ዳር ነው። እንዳልናገር ደግሞ ሽማግሌ ነኝ።

ሃይሚ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «አበር ፓፓ» አለች በጀርመንኛ፣ «ግን የኛዋም ጅረት እኮ ማይን ወንዝ ውስጥ ነው የምትገባው። ማይን ደግሞ ራይን ውስጥ።»

በሪሁን ምንጣፉን ማጥናት ጀመረ። አቶ ሳህሌ ግን አልተቆጡም። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የዓለም ካርታ ሄደው አንድ ጣታቸውን በራይን ቁልቁል ወደ ሰሜን ባሕር ወሰዱ፤ የሌላውን እጃቸውን ጣት ከጋቲኖ አስነሱ። ጣቶቹ የተገናኙት አትላንቲክ መሃል ነው።

«ከዚህ ወዲህ አይገናኙም» አሉ። ጣቶቻቸውን ከባሕሩ ላይ አላነሱም። ነገሩ መቼም የወንዝ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝና በንዴቴ አፈርኩ።

«በአውሮፕላን እኮ ስምንት ሰዓት ነው፣ ፓፓ።»

«አውቃለሁ። ሻንጣውን የምጭነው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «ተቀመጡ» አሉን።

ተቀመጥን። እሳቸው ካርታው አጠገብ እንደቆሙ ቀሩ።