የመስኮት ቀለም

ቤንዚን የነካው ጨርቅ ከብስክሌቷ መቀመጫ ሥር ባለው ብረት ላይ ሲመላለስ አረንጓዴው ቀለም ለቀቀ፤ ከሥሩ የወጣው ግን ልሙጥ ብረት ብቻ ነበር። ሳጅን ሽበሺ ተንበርክኮ የእጅ ባትሪውን አስጠጋ። ምንም የለም። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ምንም የለም።

«ምነው ያን ቀን በተሰበርክ!» አለ የገዛ እጁን እያየ።

ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። በሦስት ሰዓት የመመረቂያ ጽሑፉን መምህራን ፊት ያቀርባል፤ በስምንት ሰዓት ደግሞ ይህችን ብስክሌት ይዞ ፍርድ ቤት ይቆማል። የወንጀል ፍትሕ ዲግሪው አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁዱን በልቶበታል። በአርባ ሦስት ዓመቱ ከልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተጣብቦ የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም። በአዲሱ መዋቅር ዲግሪ የሌለው ሰው ቦታ አጥቶ «ተንሳፋፊ» ይባላል፤ የተንሳፈፈ ሰው ደግሞ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ የለም።

ሽበሺ የጣቢያው የኤግዚቢት ክፍል ኃላፊ ነው። ሌባ የሰረቀው፣ ፖሊስ የያዘው፣ ዳኛ ገና ያልወሰነበት ዕቃ ሁሉ እሱ ዘንድ ያድራል፤ ቴሌቪዥኑ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ጓደኛውን ያጣ አንድ እግር ጫማ ሳይቀር። የክፍሉ ጣራ ያፈሳል። ባለፈው ክረምት ፍሳሹ የመረጠው ይህችን ብስክሌት ነበር። ዝገት ሲበላት እያየ ዝም ማለት አላስችል አለው። የሰው ንብረት ነው፤ ነገ ባለቤቱ ሲረከብ ምን ይላል? ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ የመጣ ሰሞን የጣቢያው መስኮቶች አረንጓዴ ሲቀቡ ግማሽ ጣሳ ቀለም ተርፎ ነበር። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ብርጭቆ ወረቀት ገዝቶ መጣና ፈገፈጋት፣ ቀባት፣ ሰንሰለቷን ዘይት አጠጣት። ሥራ ካሉ እንዲህ ነው ብሎ ኮራ።

ኩራቱ ደግሞ መንዳትን አስከተለ። መሄዷን ልሞክር ብሎ የጀመረው ነገር ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኮሌጅ መመላለሻ ሆኖ ቀረ። የማስረጃ አያያዝን የተማረው ማስረጃው ላይ ተቀምጦ እየሄደ ነው። ይህን ሲያስበው ሳቁም ልቅሶውም አንድ ላይ ይመጣበታል።

የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ የደረሰው ትናንት ነበር። ከቡሹሎ ወደ ከተማ ወተት የሚያመላልስ ደረሰ የሚባል ሰው ብስክሌቷ የራሴ ናት ይላል። በላይነህ የሚባል ነጋዴ ደግሞ ከሱቄ በር ላይ የተሰረቀች ናት ብሎ ከሶታል። ደረሰኝ ሁለቱም የላቸውም። ደረሰ ዋስ አጥቶ አሥራ አንድ ወር ታስሯል። አሁን «ምልክት አለኝ» ብሎ ምልክቱን ለዳኛዋ ብቻ ነግሯል፤ ዳኛዋም በዓይኔ ልየው ብለዋል።

ትእዛዙ ላይ ምልክቱ ምን እንደሆነ አልተጻፈም። ሽበሺ ግን ያውቃል። ብርጭቆ ወረቀቱ ዝገቱን ሲያነሳ፣ ከመቀመጫው ሥር በምስማር የተጫሩ ሦስት ፊደሎች አይቶ ነበር። የልጆች ጨዋታ መስሎት ጠበቅ አድርጎ ፈገፈጋቸው።

ልብስ ሊቀይር ቤት ሲገባ ሚስቱ ፅጌ ኮቱን ተኩሳ ጠበቀችው። ፊቱን አይታ ነገሩን አወጣጣችው። ሰምታ ስትጨርስ በሩን ዘጋች።

«ማን ጠየቀህ? ቀለም ቀባህ እንጂ አልሰረቅክ። ዝም በል።»

«ሰውየው እኮ ታስሯል፣ ፅጌ።»

«አንተስ ስትታሰር?» አለችና ክራቫቱን አጥብቃ አሰረችለት። ከዚያ እጇ አንገቱ ላይ እንዳለ ዓይኗን ከዓይኑ አሸሸች።

የጽሑፉ ርእስ «የኤግዚቢት አያያዝ በፖሊስ ጣቢያ» የሚል ነበር። ሽበሺ ኮሌጅ ውስጥ መምህራኑ ፊት ቆሞ ሃያ ደቂቃ ሳይደናቀፍ ተናገረ። ዕቃ ሲረከቡ መመዝገብ እንደሚገባ፣ ሳይነካ ሳይለወጥ ፍርድ ቤት መድረስ እንዳለበት አስረዳ። የገዛ ድምፁ ከሌላ ሰው አፍ የሚወጣ መሰለው። አማካሪው መምህር ያቤጽ ታናሽ ወንድሙ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው፤ ግን ሽበሺን አንቱ ማለት አይሰለቸውም።

«ሳጅን፣ እርስዎ ባሉበት ክፍል ኤግዚቢት ተለውጦ አጋጥሞዎት ያውቃል?»

ከመስኮቱ ውጭ አንድ ሰው ሣር ያጭዳል። ሽበሺ የማጭዱን ድምፅ ሦስት ጊዜ ቆጠረ።

«አላጋጠመኝም» አለ።

ያቤጽ ራሱን ነቀነቀ። «ጽሑፍዎ ንጹሕ ነው። አንድ እውነተኛ ገጠመኝ ብቻ ይጎድለዋል። በሳምንት ውስጥ ይጨምሩበትና ያስረክቡ።» ከዚያ መምህራኑ ውጤቱን ነገሩት፤ እጅግ በጣም ጥሩ። ተጨበጨበለት። ጭብጨባው እንደ ጥፊ ተሰማው።

ጣቢያ ተመልሶ የደንብ ልብሱን ለበሰና ብስክሌቷን አውጥቶ እየገፋ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ዛሬ ሊቀመጥባት አልደፈረም። የሐይቁ ንፋስ አቧራውን እያነሳ ፊቱ ላይ ይበትናል። መንገዱ ዳር አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ በአንድ እግሩ ቆሞ እንደ ሽማግሌ ያየዋል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ጮኸ፤ «ሳጅን! ጎማዋ ተነፈሰ እንዴ ዛሬ?»

ለካ ከተማው ሁሉ በእሷ ላይ አይቶታል! ሽበሺ እርምጃውን አፈጠነ። ምላሽ አዘጋጀ፤ አፈረሰው። ጣራው አፈሰሰ ልበል? ቀለሙን ማን እንደቀባው አላውቅም ልበል? እንደገና አፈረሰው።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ነጠላዋን ያጣፋች አሮጊት ተቀምጣ ነበር። የደንብ ልብሱን ስታይ ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ የደረሰ እናት ነኝ። የልጄን ሳይክል አላመጡም?»

ሽበሺ ብስክሌቷን ወደ እሷ አስጠጋ። አሮጊቷ ዕቃውን ከጎማ እስከ መሪ ተመለከተችው።

«ይሄ አይደለም። የኛ አሮጌ ነው። ሴት ልጁ የተወለደች ቀን ነው የገዛው» አለችና ወደ መንገዱ ማየቷን ቀጠለች፤ እውነተኛዋን እየጠበቀች።

ሽበሺ ያን ጊዜ ሦስቱ ፊደሎች የማን ስም እንደነበሩ ገባው።

ችሎቱ ጠባብ ነው። ደረሰ ምልክቱን አሳይ ሲባል በደስታ ተነሳ፣ ጎንበስ ብሎ እጁን ከመቀመጫው ሥር ሰደደ። እጁ ፈለገ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ፈለገ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይሄ የኔ አይደለም። የኔን ቀይረውታል።»

«የኔ ናት!» አለ በላይነህ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ። «ይኸው፣ የኔ አይደለም አለ በገዛ አፉ!»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ደረሰ ውሸት መናገር ባለመቻሉ ራሱ ላይ ሊፈርድ ነው። ሽበሺ የፅጌ እጅ አንገቱ ላይ ተሰማው። ዝም ቢል ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ማንም አይጠይቀውም።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለ። ሁሉም ዞረ። «አልተቀየረችም። ከዚህ ሰው እጅ የተያዘችው ይህችው ናት። ፈግፍጌ የቀባኋት እኔ ነኝ። ነድቻትማለሁ። ምልክቱ ነበረ፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።»

አቃቤ ሕጉ ብዕሩን አስቀመጠ። ዳኛዋ ፊታቸው የተዘረጋውን ፋይል ዘጉና መዳፋቸውን ጫኑበት።

«የሚናገሩት በራስዎ ላይ እንደሚሆን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ተምሬዋለሁ።»

«እንግዲያው ይንገሩን። ምን ነበር የሚለው?»

ሽበሺ ዓይኑን ጨፍኖ ያንን እሁድ፣ ያንን ዝገት፣ በጠማማ እጅ የተጫሩትን ፊደሎች አንድ በአንድ አነሳቸው።

«ታቢታ» አለ።

ዳኛዋ ፋይሉን ከፍተው ገጽ መግለጥ ጀመሩ። ደረሰ ግን ገጹን አልጠበቀም። ሁለት እርምጃ ተራምዶ የመስኮት ቀለም የተቀባችውን ብስክሌት መሪ በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ።