ሦስተኛው ጣሳ

አንዲት ልጅ ስለጠጣችበት ብቻ ጣሳ የሚበሳ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? መልስ ካላችሁ ለመምህርት ሸዋርካብሽ ንገሯት። መቱ ከተማ ዳር ባለው ትምህርት ቤት፣ የውሃው በርሜል አጠገብ ቆማ፣ ቂጡ የተበሳ ጣሳ ወደ ፀሐይ አንስታ ታያለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስተኛው ነው። ሦስቱም የተበሱት የቀጥቃጩ የጎንፋ ልጅ ዲሪቤ ከጠጣችባቸው በኋላ ነው። ሸክላ ቢሆን ይሰብሩት ነበር፤ ቆርቆሮ ሆነባቸውና በሱት።

ዲሬክተሩ ፍስሐ ግን ነገሩን ጨርሶታል።

"ለብቻዋ ቀይ ጣሳ ገዝተንላታል። የበለጠ ምን ይደረግላት? ለአውራጃውም 'ከአብዮቱ ወዲህ በትምህርት ቤታችን በሙያ መናናቅ ተወግዷል' ብዬ ጽፌያለሁ። ነገ ሰልፍ ላይ ይነበብና የመምህራን ተወካይ ስለሆኑ ይፈርማሉ።"

"ማን እንደበሳው ሳናውቅ?"

"የልጆች ነገር ነው፣ ጓድ ሸዋርካብሽ! ጣሳ ነው እኮ፤ ሰው አልሞተም!"

እሷን ግን ማወቅ አለብኝ የሚለው ነገር አላስቀመጣትም። ቀዳዳው ክብ አይደለም። በምሳ ሰዓት ጣሳውን ይዛ ጎንፋ ዘንድ ወረደች። የመቱ ሰው ማጭዱንም ቢላውንም እዚህ ያሠራል፤ ከጎንፋ ቤት ግን ውሃ አይቀምስም።

ጎንፋ ወናፉን ትቶ ቀዳዳውን በጣቱ ዳሰሰ።

"ያ ባርሲስቱ፣ መምህርት፣ ይሄ የሱቅ ሚስማር አይደለም። አራት ማዕዘን ነው። የኔ እጅ ነው።"

"ለማን ሠሩት?"

"ለናንተው! ለመጋዘናችሁ በር አሥራ ሁለት ሠራሁ። አሥሩን መታሁ። የተረፉትን ሁለቱን ዲሬክተራችሁ መሳቢያቸው ውስጥ ከተው ቆለፉ።" ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። "ዲሪቤ ከነገ ጀምሮ አትመጣም። እዚሁ ወናፍ ትነፋልኛለች። ወናፍ አይጸየፋትም።"

"ነገን ብቻ ይላኩልኝ።"

ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ፍስሐ ሪፖርቱን አንብቦ ብዕሩን ዘረጋላት። ዲሪቤ ከአምስተኛ ክፍል ሰልፍ መጨረሻ፣ ከፊቷ ካለችው ልጅ ሁለት ክንድ ርቃ ቆማለች።

ሸዋርካብሽ ብዕሩን አልተቀበለችም።

"ጓድ ፍስሐ፣ ጣሳዎቹ የተበሱት በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ በተቆለፈው ሚስማር ነው። ቁልፉ በማን እጅ ነው? ቢሮ ጠርተው አይንገሩኝ። እዚሁ፣ ዲሪቤ እየሰማች ይመልሱ!"