የዓሣው ስም

ዝናሽ የመጨረሻውን ቁራጭ ከዘይቱ ስታወጣ ጠርዙ ላይ ሳይገፈፍ የቀረ ቆዳ አየች። በሹካ ገልበጥ አድርጋ አስተዋለችው። ልሙጥ ነው፤ የቅርፊት ዘር የለበትም። ክው አለች።

ዓሣውን ቆዳው ተገፍፎና ተቆራርጦ ከፒያሳ የገዛው እጮኛዋ ማንያዘዋል ነው። ወደ ወጥ ቤት ጠርታ አሳየችው።

"አምባዛ ነው የገዛኸው" አለችው በሹክሹክታ።

"ነጭ ዓሣ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ። ደግሞ ከተጠበሰ ማን ያውቀዋል? ዝም በይ።"

ሳሎን የተቀመጡት አባቱ፣ ቄስ ወልደኢየሱስ ናቸው። ከደባርቅ የመጡት ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ልጅቱን በዓይናቸው ሊያዩ ነው። ሐኪም ቀይ ሥጋ ስለከለከላቸው ምሳው ዓሣ ይሁን ተባለ። ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ግን ኦሪት እርኩስ ብሎታልና እንኳን ሊበሉት ማዕድ ላይ ስሙ ሲነሣም አይወዱም። ዝናሽ ደግሞ፣ የጉድ ነገር፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማረው በዚሁ በአምባዛና በዘመዶቹ ላይ ነው።

ሌላ የሚቀርብ አልነበረም። ሳህኑን ይዛ ገባች። ቄሱ ማዕዱን ባርከው አጠገባቸው አስቀመጧትና ስለ ትምህርቷ ጠየቋት። ዓሦችን በየወገናቸው መለየት መሆኑን ነገረቻቸው።

"ሸጋ ነው። እንግዲያ ይኸኛው ከየትኛው ወገን ነው?"

ማንያዘዋል በጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ አደረጋት።

"ክፍለ መደቡ ሲሉሪፎርምስ ይባላል፣ አባ።"

ውሸት አልነበረም፤ የባሰውም እሱ ነው። ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ የሚያሰጣት መልስ እዚህ መደበቂያ ሆነላት።

"ስሙ እንኳ የሰማዕት ስም ይመስላል" አሉ ቄሱ ፈገግ ብለው። ከዚያም በእንጀራው ጠቅልለው ወደ አፋቸው አነሡ።

አምነዋታል። ነገ ምራታቸው ብትሆን፣ ፊታቸውን ባየች ቁጥር ይህ ጉርሻ ትዝ ሊላት ነው። ማንያዘዋልን ማጣት ፈራች፤ ከልቧ ፈራች። እሱ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አላነሣም።

የካህን እጅ ይሳለሙታል እንጂ እንዲህ አይጨብጡትም። ዝናሽ ግን የእጃቸውን አንጓ ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

"አይጉረሱት፣ አባ" አለች። "በአማርኛው አምባዛ ነው።"