ደረጀ የተሸከመው ድንጋይ

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ለገሠ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ደጄ የቆሙት፣ ጠዋት ወተቴን ለመሸጥ ወደ ሸዋ በር ልወጣ ስል ነው። ከኋላቸው የወንድማቸው ልጅ ደረጀ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አቀርቅሯል። ላሜን ከበረት ፈትቶ የወሰዳት እሱ ነው። ከብት ገበያ ገመዷን ይዞ ዋጋ ሲከራከር ከኮንስታብል ሥርጉት ጋር ሆነን እጅ ከፍንጅ ያዝነው። ላሚቱ ተመለሰች፣ እሱም በዋስ ወጣ። ነገ ፍርድ ቤት ቀርቤ ያየሁትን መናገር አለብኝ።

በእኛ ሰፈር ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የለመነን ሰው መመለስ ነውር ነው። ደረጀ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ዓምና የጎረቤቴን የሩቂያን ፍየሎች ነድቶ ሲያዝ እንዲሁ ተሸክሞ መጣ። ሩቂያ ታረቀች፣ ምስክርነቷን ተወች፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። ሥርጉት በየስብሰባው «ጠቁሙ፣ መስክሩ» እያለች ጉሮሮዋ ይደርቃል። እኛ እናጨበጭብላታለን፤ ከዚያ ወጥተን ሌባውን ራሳችን እናስታርቃለን። ይኼ ነገር ያንገበግበኛል።

«ግቡና ተቀመጡ እንጂ ጋሽ ለገሠ» አልኩ።

«ይቅር ሳትዪው አንቀመጥም ብርነሽ ልጄ።»

ደረጀን አየሁት። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። እናቱን አውቃታለሁ፣ ደግ ሴት ነበረች። አሳዘነኝ።

«ይቅር ብዬሃለሁ፤ አውርደው» አልኩት።

ድንጋዩን ዱብ አደረገው። ሽማግሌዎቹ ወዲያው ምርቃቱን ጀመሩ።

«አሜን» አልኩ። «ነገ ግን እመሰክራለሁ።»

ምርቃቱ መሃል ላይ ቀረ።

«ይቅር አላልሽም እንዴ?» አሉ ጋሽ ለገሠ።

«ብያለሁ። ቂም የለኝም። ያየሁትን ግን አላየሁም አልልም።»

«ላምሽ በረትሽ ውስጥ ናት። ምን ጎደለሽ?»

«እንቅልፌ! ኮሽ ባለ ቁጥር እየተነሳሁ በረት የምፈትሸው እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉም።»

ጋሽ ለገሠ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ሽማግሌ ካዋረድሽ ከእድር ትወጫለሽ። ስትሞቺ ማን እንደሚቀብርሽ እናያለን!»

ልጅ የለኝም። ባሌ ሲሞት ድንኳን የተከለልኝ፣ ሬሳውን የተሸከመልኝ ይኸው እድር ነው። አልዋሽም፣ «እሺ፣ ቀርቷል» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው ሩቂያ ግን ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ድንጋዩ ላይ አፈጠጠች።

«ይኼ የኔ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ድንጋዩ! ወላሂ የኔ ነው! ዓምና እኔ ደጅ ያወረደው ነው። የዶሮ ቤቴን በር እደግፍበት ነበር። ዛሬ ጠዋት ብነሳ የለም፣ ዶሮዎቼም ግቢውን ሞልተውታል!»

ሁላችንም ወደ ደረጀ ዞርን።

«ቅርብ ስለነበረ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ግን ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ይቅርታ መለመኛውንም ይሰርቃል!

«ጋሽ ለገሠ» አለች ሩቂያ፣ «ዓምና ዝም ያልኩት እርስዎን አክብሬ ነው። ዝምታዬ ይኸው የብርነሽን ላም አስወሰደ። ነገ አብሬያት ሄጄ የፍየሎቼን ነገር እናገራለሁ። የመቅበሩ ሐሳብም አይግባዎት፤ እኛ ጎረቤቶቿ አለን፤ እናለቅስላታለን፣ እንሸኛታለን።»

ጋሽ ለገሠ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እኔም ወደ ድንጋዩ ጠቆምኩ።

«በል አንሳው» አልኩት ደረጀን። «ከወሰድክበት መልሰህ በሩን ደግፍ።»

ድንጋዩን ተሸክሞ ወደ ሩቂያ ግቢ ሄደ። እኔም ስልኬን አውጥቼ ሥርጉት ጋ ደወልኩ።

«ነገ ሁለት ሆነን እንመጣለን» አልኳት።