ምን አጥፍተው ነው የጠፉት

የምሠራበት የሙዚየም አዳራሽ ጠዋት ጠዋት የባሕር ወለል ይመስላል። ብርሃኑ ከጣሪያው መስታወት አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል፤ አቧራው በውስጡ ቀስ ብሎ ይዋኛል፤ አጥንቶቹ መሃል ላይ ዝም ብለው ቆመዋል። አንዱ መስታወት ከተሰበረ ወዲህ አንዲት ወፍ እየገባች የጣሪያው ወራጅ ላይ ትቀመጣለች። ማንም አያባርራትም።

ያን ሳምንት የገጣጠምኩት ዳይኖሰር ቁመቱ ከወገቤ አይበልጥም። አንድ እግሩን አንስቶ ሊራመድ ሲል የቆመ አድርጌ ነው የሠራሁት። ጠጋኙ፣ አጥንት በጄሶ ሲጠግን ኖሮ ፀጉሩ ራሱ ጄሶ የመሰለው ሽማግሌ፣ መጥቶ ዙሪያውን ሲያየው ቆየ።

«እታለም፣ ይሄ ሰውዬ ሊያጨበጭብ ነው?»

«ምነው?»

«እግሩን ካነሳ ጣቱን ምን አስከፈተው? ዶሮ ስትራመድ አይተሽ አታውቂም?»

አይቼ አውቃለሁ። ያደግኩት ከዶሮ ጋር ነው። ግን ዶሮዎቹ ያሉት አባቴ ቤት፣ ሰገነቱ ላይ ነው፤ አባቴ ቤት ከሄድኩ ደግሞ ሦስት ዓመት አልፎኛል።

አልተጣላንም። ለመጣላትም መናገር ያስፈልጋል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሐኪም እንድሆንለት ይፈልግ ነበር። የጥንት አጥንት ላጠና መሆኔን የነገርኩት ቀን ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» አለ። ደንበኞቹ ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ከዚያ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። እሱ አልደወለም፤ እኔም አልደወልኩም። «ነገ እሄዳለሁ» ስል ነገዎቹ እንደ ድንጋይ ንብርብር ተከመሩብኝ።

ጠጋኙ ያን ባለኝ በማግስቱ የአባቴን የሰገነት ደረጃ መውጣት ጀመርኩ። ፊቱን ቢያዞርብኝስ? ሁለት ጊዜ ልመለስ ብዬ ሁለት ጊዜ ቆምኩ።

አባቴ ባልዲ ደፍቶ ተቀምጧል። ሜትሩ እንደ ድሮው አንገቱ ላይ ነው፤ እጁ ውስጥ እህል ይዟል። ዞሮ አየኝ።

«ጠፋሽ» አለ።

«አለሁ፣ አባዬ።»

ሰው ሁሉ ሲገናኝ የሚለው ነው። እኛ አዳራሽ ግን ይሄ ቃል በየሰሌዳው ተጽፏል፤ ጠፍተዋል፣ ጠፍተዋል። ከእሱ አፍ ስሰማው ስለ እኔ የተጻፈ ሰሌዳ ያነበበልኝ መሰለኝ።

«ዶሮ ለማየት ነው የመጣሁት» አልኩ፤ ሌላ ነገር አፌ ላይ አልመጣልኝም።

«እኔማ ከዶሮ በኋላ ነኝ፣ አውቃለሁ» አለና ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

ቀይዋ ዶሮ በፊታችን አለፈች። እግሯን ስታነሳ ጣቶቿ እንደ ጃንጥላ ታጠፉ፤ ስታሳርፍ ተዘረጉ። እንደገና ታጠፉ። ከዚያ ቆም ብላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። ያ ዓይን ትናንትናን ከሚሊዮን ዓመት የሚለይ አይመስልም። ከበስተጀርባዋ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ውሃ የተኛበት ረግረግ ሆኑ፤ አንቴናዎቹ ቅጠላቸው የረገፈ ዛፎች። ከተማው ገና አልተሠራም። አባቴና እኔ ብቻ ቀድመን መጥተናል።

«ይቺ የእነሱ ዘር ናት» አልኩት በሹክሹክታ።

«የእነማን?»

«የዳይኖሰሮቹ። ከእነሱ የተረፉት ወፎች ናቸው።»

«ይቺ? ትናንት ድመት አይታ ባልዲ ውስጥ የገባችው?»

ሳቅኩ። እሱም ሊስቅ ሲል ተወው።

«ሌሎቹስ?» አለ። «ምን አጥፍተው ነው የጠፉት?»

«ምንም አላጠፉም። ከሰማይ ትልቅ ድንጋይ ወደቀባቸው።»

እህሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲያፈስስ ቆየ።

«አንቺም ምንም አላጠፋሽም» አለ በመጨረሻ፣ ዶሮዋን የሚያናግር ይመስል። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከእጁ ጥቂት እህል ዘግኜ በተንኩ። ዶሮዎቹ ሁሉ ወደ እኛ ሮጡ።

የዳይኖሰሩን የእግር ጣቶች አጥፌ በሽቦ ባሰርኩ በሦስተኛው ቀን አባቴ ሙዚየም መጣ። ኮቱን ተኩሶ ለብሷል፤ ሜትሩን ግን ከአንገቱ ማውረድ ረስቷል። ዳይኖሰሩን ከራስ እስከ ጅራት በዓይኑ ለካው።

«ትከሻ የለውም። ኮት አይቆምለትም» አለኝ። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ፣ ለቆየ ወዳጅ በሚሰጥ ድምፅ፣ «ጠፋህ እኮ!» አለው።

«አለሁ፣ አለሁ» አለ ጠጋኙ፣ ሽቦ ሊያጠብቅ ከዳይኖሰሩ መቆሚያ ጀርባ እንደተጋደመ።

አባቴ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ሳቁ አዳራሹን ሞላው። በሳቁ ወፏ ከወራጁ ተነሳች፤ በተሰበረው መስታወት በኩል ስትወጣ እግሮቿን አየሁ። ጣቶቿ ታጥፈው ነበር።